«በጨው ይሁን በስኳር?»፤ የጨው ቅልቅል መጠጦች አዘገጃጀትና ስያሜ በጅማና በአካባቢዋ የቡና ከተሞች

ተርጓሚን የሚያስቸግሩት ቃላት ሁልጊዜ ከቤተ ሙከራና ከፋብሪካ የሚመጡ አይደሉም። ከወጥ ቤትና ከመጠጥ ጠረጴዛ የሚመጡትም እንደዚያው ያደናቅፋሉ። እንግሊዝኛ የምግብንና የመጠጥን ጣዕም በሁለት ወገን ይከፍላል። አንደኛው የስኳር ወገን ነው፤ ሁለተኛው የጨው፣ የቅመም፣ የቅባትና የኮምጣጣ ወገን ሲሆን፣ ይህን ሁሉ ጠቅልሎ የሚይዝ አንድ ቅጽል አለው። ፈረንሳይኛ ለዚሁ ወገን «ጨው ያለበት» የሚል ትርጉም ያለውን ተራ ቃሉን ይጠቀማል። አማርኛ ግን ለሁለቱም ወገን የሚያገለግል አንድ ግስ ስላለው፣ ተርጓሚው ቃሉን ሲያነሣ ትርጉሙ በእጁ ላይ ይገለበጥበታል።

ይኸውም «ጣፈጠ» የሚለው ግስ ነው። «ወጡ ጣፍጧል» ስንል ስኳር ገብቶበታል ማለታችን አይደለም፤ ጨዉ፣ በርበሬው፣ ቅቤው ተመጣጥኗል ማለታችን ነው። «ማጣፈጫ» ብለን የምንጠራውም በመጀመሪያ ደረጃ ጨውንና ቅመምን ነው። ነገር ግን ከዚሁ ግስ የወጣው «ጣፋጭ» የሚለው ቅጽል ቀስ በቀስ ወደ ስኳር ወገን አዘንብሏል። ሐኪም በሽተኛውን «ጣፋጭ ነገር አታብዛ» ቢለው፣ በሽተኛው ስኳርን፣ ከረሜላንና ኬክን ያስባል እንጂ ደኅና ተደርጎ የተሠራ ዶሮ ወጥን አያስብም። እንግዲህ ግሱ ገለልተኛ ሆኖ ሳለ ቅጽሉ ወገን ይዟል። የጨው መጠጥን «ጣፋጭ መጠጥ» ብሎ የተረጎመ ሰው አንባቢውን ስኳር እንዲጨምር አዘዘው ማለት ነው።

ሌሎቹ አማራጮችም እንከን አላቸው። «ጨዋማ» የሚለው ቃል በዕለት ተዕለት ንግግር ከሙገሳ ይልቅ ወደ ነቀፌታ ያደላል፤ «ሾርባው ጨዋማ ነው» የተባለ ወጥ ሠሪ ይቅርታ ይጠይቃል እንጂ አያመሰግንም። «ጥዑም» ከግእዝ የመጣ መልካም ቃል ቢሆንም፣ ዛሬ ከምግብ ይልቅ ለዜማ፣ ለንግግርና ለመዓዛ ይሰማማል። «ቅምም» ብሎ ከ«ቀመመ» ማውጣትም ይቻላል፤ «ምጥን ሽሮ» ከ«መጠነ» እንደ ወጣ ሁሉ ሰዋስዉ የተስተካከለ ነው። ሆኖም የቅመም ሻይ ቀረፋና ቅርንፉድ ገብቶበት በስኳር የሚጠጣ ስለሆነ፣ ቅመም ስኳርን አያስወግድም። ስለዚህ ይህም ቃል ሐሳቡን በግማሽ ብቻ ይገልጸዋል።

መፍትሔው ለዚህ ጸሐፊ እንደሚመስለው ከመዝገበ ቃላት ገጾች ይልቅ በቡና ረከቦት ዙሪያ ይገኛል። ከጅማ እስከ አጋሮ፣ ከሊሙ ገነት እስከ ቦንጋ ቡና የምታፈላ ሴት እንግዳዋን የምትጠይቀው አጭር ጥያቄ አለ፤ «በጨው ይሁን በስኳር?» በኦሮምኛም ጥያቄው በዚያው መልክ ይቀርባል። አማርኛ «በ» የሚለውን መስተዋድድ ከስሙ ፊት ሲያስቀድም፣ ኦሮምኛ «ሶጊዳ» ወይም «አሻቦ» ከሚለው ስም መጨረሻ ላይ ምዕላድ ያስከትላል። ሁለቱ ቋንቋዎች ጣዕሙን በቅጽል አይገልጹትም፤ የገባበትን ነገር በስሙ ይጠሩታል። የቋንቋው ተናጋሪ ራሱ ለሁለቱ ወገኖች ያበጀው መለያ ይህ ነው።

የጥያቄው ቅደም ተከተልም ታሪክ አለው። ዛሬ በየሱቁ የምናየው ስኳር በሀገራችን በብዛት መመረት የጀመረው የወንጂ ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ነው። ጨው ግን ከዚያ በፊት ብዙ ዘመን ያስቆጠረ የንግድ ዕቃ ነበር። አሞሌው ከአፋር የጨው ሜዳ ተነሥቶ፣ በሰሜኑና በጎጃም ገበያዎች አልፎ፣ ወደ እናርያና ወደ ጅማ ሲደርስ ዋጋው በየምዕራፉ ይጨምር ነበር። ጅማ ከተማ በተቆረቆረችበት በሂርማታ የሐሙስ ገበያ አሞሌ እንደ ገንዘብ ይመነዘር እንደ ነበር ይታወቃል። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. በገዙበት ዘመን ይህ ገበያ ከደቡብ ምዕራብ ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። እንዲህ ባለ አገር ከስኒ ውስጥ ጨው ጣል ማድረግ የድህነት ምልክት ሊሆን አይችልም፤ ለእንግዳ የሚደረግ ወጪ ነበር። «ስኳር ስለሌለ በጨው ጠጡ» የሚለው የከተሜ አስተያየት ነገሩን ከጅራቱ የያዘ ነው።

አሁን ወደ አዘገጃጀቱ እንለፍ፤ ቃላቱ የሚገኙት ከአዘገጃጀቱ ውስጥ ነውና።

ለ6 ስኒ የሚበቃ ቡና በጨው ለማፍላት ከ40 እስከ 50 ግራም የሚሆን ጥሬ ቡና ይበቃል። ቡናው ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ በምጣድ ይቆላል። ቆላ የሚለው ግስ እዚህ ላይ ከጠበሰ ጋር ሊምታታ አይገባም፤ የሚቆላ ነገር ያለማቋረጥ ይገላበጣል። ፍሬው ተንጣጥቶ ቅባቱን ማውጣት ሲጀምር ከእሳት ይወርዳል፤ ለጨው ቡና አቆላሉ ከመካከለኛ ባይዘልቅ ይመረጣል፤ የከሰለ ቡና ምሬቱ ጨዉን አፍኖ ያስቀረዋልና። ከዚያም በሙቀጫ ይወቀጣል። ግማሽ ሊትር ያህል ውኃ በጀበና ፈልቶ ዱቄቱ ይጨመርበታል፤ ሲገነፍል ወጣ፣ ሲበርድ መለስ እየተደረገ ይፈላል፤ በመጨረሻም እስኪሰክን ድረስ ይቀመጣል። «ሰከነ» እና «ጠለለ» አንድ አይደሉም። የሰከነው በራሱ ጊዜ አተላው ወደ ታች የወረደ ነው፤ የጠለለው በሰው እጅ በማጥለያ ያለፈ ነው። ተርጓሚዎች ለሁለቱም «ተጣራ» እያሉ የሚጽፉት ያሳዝናል፤ ሁለት ጥሩ ግሶች ቁጭ ብለው አንድ ሰፊ ግስ ሲለፋ ይታያል።

ጨዉ በሁለት መንገድ ይገባል። አንዳንዶች በጀበናው ውስጥ አብረው ያፈሉታል፤ ሌሎች በየስኒው ቁንጥር ቁንጥር ያደርጉበታል። በጀበናው ከሆነ ለ6 ስኒ ሩብ የሻይ ማንኪያ ወይም አንድ ግራም ተኩል ያህል ይበቃል፤ ጨዉ ተለይቶ እንዲሰማ ሳይሆን የቡናውን ምሬት እንዲያለዝብ ነው የሚፈለገው። ቅቤ የሚወድ በየስኒው የሩብ ሻይ ማንኪያ ያህል ያስቀምጥና ቡናውን ከላይ ይቀዳበታል። ለጋ ቅቤ ወተትማ ጣዕም ይሰጣል፤ የተነጠረው ደግሞ ኮረሪማውንና ሌላውን ቅመም ይዞ ስለሚገባ መጠጡን ወደ ሾርባ ያቀርበዋል። ኮረሪማ የዚሁ የደቡብ ምዕራብ ደን ቅመም መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። በመጨረሻ አንድ ዘለላ ጤና አዳም ጣል ይደረጋል። ይህ መጠጥ ትኩሱን ካልተጠጣ ቅቤው ከላይ ስለሚረጋ ሲቀዘቅዝ አይወደድም።

አንባቢ ልብ እንዲል የምንፈልገው «ጣል አደረገ» የሚለውን አነጋገር ነው። የአማርኛ የወጥ ቤት ቋንቋ በጥቅሉ በእነዚህ ጥንድ ግሶች የተሞላ ነው፤ ጣል አደረገ፣ ጠብ አደረገ፣ ነስነስ አደረገ፣ ለብ አደረገ፣ ለብለብ አደረገ። እያንዳንዱ መጠንንም፣ የእጅ እንቅስቃሴንም፣ ጊዜንም በአንድነት ይገልጻል። የውጭ አገር የአዘገጃጀት መመሪያ ይህንኑ በስምና በቁጥር ይገልጸዋል፤ ተርጓሚውም ስሙን በስም ለመተካት ሲታገል ያላስፈላጊ ቃል ይፈጥራል። በመጠጥ ቅመራ ከጠርሙስ አፍ አንድ ጊዜ ነቅነቅ ሲደረግ የሚወርደውን ፈሳሽ የሚያመለክት ስም በእንግሊዝኛ አለ። «ጠብታ» እንዳንለው ቃሉ በዐይን መድኀኒት ዘንድ ጠንከር ያለ ቀጠሮ ይዟል፤ ልኩም አነስ ይላል። «ሁለት ጠብ» እንዳንል ደግሞ አንባቢው ሁለት ሰዎች የተጣሉ ይመስለዋል። «ሁለት ጊዜ ጠብ ይደረግበት» ብንል ግን ማንም አይሳሳትም።

ከጅማ በቦንጋ በኩል ወደ ሚዛንና ወደ ቴፒ ሲወረድ ሌላ የጨው መጠጥ ይገኛል፤ ጨሞ ይባላል። ይህ ከፍሬው ሳይሆን ከቡና ቅጠል የሚሠራ ነው፤ በቤንችና በአጎራባቾቹ ሕዝቦች ዘንድ የቤት ውስጥ መጠጥ ነው። ለጋ ቅጠል ከዛፉ ተቀንጥሶ በምጣድ ላይ ለብለብ ይደረጋል፤ ከሚጥሚጣ፣ ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከጤና አዳምና ከበሶብላ ጋር አብሮ ይወቀጣል፤ በውኃ ይፈላል፤ ጨው ይገባበታል፤ ተጠልሎ ሞቅ እንዳለ ይጠጣል። ቅመሙ እንደየቤቱ ይለያያል፤ አንዳንዱ ቤት ሚጥሚጣውን ያበረታል፣ ሌላው ዝንጅብሉን። ቤቱ ውስጥ ልሞክር ለሚል አንባቢ ለአንድ ሊትር ውኃ አንድ እፍኝ ለጋ ቅጠል፣ አውራ ጣት የምታህል ዝንጅብል፣ ሁለት ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ሚጥሚጣ፣ ሁለት ሦስት ዘለላ ጤና አዳምና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጥሩ መነሻ ነው። ዓለም «ኮክቴል» ብሎ የሚጠራውን ያህል ብዙ ነገር በአንድ ዕቃ ተቀምሞ፣ ያለ አንዳች ስኳር የሚጠጣ መጠጥ በሀገራችን ከተፈለገ ከጨሞ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ይህን መጠጥ በአማርኛ «የቡና ቅጠል ሻይ» ብለው የጻፉ አሉ። ስያሜው ለመረዳት ቀላል ቢመስልም ሁለት ስሕተት ያስከትላል። በመጀመሪያ፣ «ሻይ» በአማርኛ ተናጋሪ አእምሮ ስኳርን አስከትሎ ይመጣል፤ ሚጥሚጣና ነጭ ሽንኩርት ግን በሻይ ግቢ አይታወቁም። ሁለተኛ፣ በሐረር አካባቢ ከቡና ቅጠል የሚፈላውን ቁጢን ከጨሞ ጋር አንድ ያደርገዋል። ቁጢ የሚሠራው ከደረቀና ከታመሰ ቅጠል ነው፤ ጨሞ ከለጋው ነው። አንዱ ከምሥራቅ፣ ሌላው ከደቡብ ምዕራብ የሚመጡ ሁለት ልማዶች በአንድ ስም ሥር ሲወድቁ መዝገበ ቃላቱ ዕውቀት ያጠፋል። ጉዳዩ ከቤት ወጥቶ ወደ ውል ወረቀት እየተሸጋገረም ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 የቡና ቅጠል ውጥንጥን በባህላዊ ምግብነት በገበያው እንዲሸጥ ፈቅዷል። እንዲህ ያለ ዕቃ በአማርኛ ምን ተብሎ በምልክት ወረቀት ላይ እንደሚጻፍ አስቀድሞ ያልወሰነ ቋንቋ፣ ኋላ ነጋዴው የወሰነለትን ይቀበላል። በስያሜ ሥራ የተለመደው ቅደም ተከተል አማርኛው ቃል ከሌለው ወደ ሌሎች የሀገሪቱ ቋንቋዎች መዞርን ስለሚፈቅድ፣ «ጨሞ» እንዳለ ይወሰድ፤ «ቁጢ»ም እንዳለ ይቀመጥ።

በዚሁ አጋጣሚ ስለ «ቡና ቀላ» ጥቂት ማለት ይገባል። በቦረና፣ በጉጂና በአርሲ ኦሮሞዎች ዘንድ የደረቀው የቡና ፍሬ ከነገለፈቱ ጫፉ ተነክሶ ወይም ተቀንጥቦ በቅቤ ይበስላል። «ቀላ» በኦሮምኛ «አረደ» ማለት ስለሆነ ስሙ የታረደ ቡና ማለት ነው፤ ጫፉን መቀንጠቡ እንደ ዕርድ ይቆጠራል። «በቅቤ የተጠበሰ ቡና» ብሎ የተረጎመው ሰው የምግቡን አሠራር ነግሮን የሥርዐቱን ትርጉም ወስዶብናል። በአማርኛ «ቀላ» መቅላትን ስለሚያስታውስ አንዳንድ አንባቢ «ቀይ ቡና» ብሎ ሊረዳው እንደሚችልም መዝጋቢው ማስጠንቀቅ አለበት።

ይህ ሁሉ የስም ክርክር ብቻ እንዳይመስል በጤና ትምህርት ረገድ የሚያስከትለውን እንመልከት። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው የጨው መጠን በቀን ከ5 ግራም በታች ነው። ከላይ በተሰጠው ልክ አንድ ስኒ ሩብ ግራም ያህል ጨው ይይዛል። በቀን ሁለት ጊዜ ቡና ተፈልቶለት፣ በእያንዳንዱም አቦል፣ ቶናና በረካ የጠጣ ሰው ከቡና ብቻ አንድ ግራም ተኩል ያህል ወስዷል፤ ይህም ከተፈቀደለት ወደ ሲሶ የሚጠጋ ነው፤ እጀ ሰፊ በሆነች ቤት ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። አሁን ይህ ሰው የደም ግፊት አለበት እንበል። በመጠይቁ ላይ «ጨዋማ ምግብ ያዘወትራሉ?» ተብሎ ቢጠየቅ «የለም» ብሎ ይመልሳል፤ እውነቱን ነው፤ ቡና ምግብ አይደለም፣ ቡናውም ጨዋማ ሳይሆን የጣፈጠ ነው። «ጣፋጭ መጠጥ ይጠጣሉ?» ቢባልም «የለም» ይላል። ጨዉ በሁለቱ ቃላት መካከል ሾልኮ ያመልጣል። ጥያቄው «ቡና የሚጠጡት በጨው ነው በስኳር?» ቢሆን ኖሮ መልሱ ወዲያው በተገኘ ነበር። መጠይቅ ተርጓሚዎች ከማንም ይልቅ ይህን ሊያስቡበት ይገባል።

ስለ መቀላቀል ግሶችም አንድ ነገር እንበል። አማርኛ በዚህ በኩል ባለጸጋ ነው። ደባለቀ የሚባለው ሁለት ነገር ማንነቱን ሳይለቅ አብሮ ሲሆን ነው፤ ቀየጠ ለእህል ይስማማል፤ በጠበጠ ዱቄትን በውኃ ማሟሟት ነው፤ በረዘ ማርን በውኃ ማቅጠን ሲሆን «ብርዝ»ን ወልዷል፤ ከለሰ የወፈረን ማቅጠን ነው፤ አማሰለ በማሰሮ ውስጥ በማማሰያ ነው። የመጠጥ ቀማሚዎች በክዳን ዕቃ ውስጥ በረዶ ጨምረው የሚያደርጉትን «ናጠ» ይገልጸዋል፤ ቅሉን እየወዘወዙ ወተት ከመናጥ የሚለየው ቅቤ አለመውጣቱ ብቻ ነው። «ቀላቀለ» ከሁሉም ሰፊና ገለልተኛ ስለሆነ ለጥቅል ስም የሚመቸው እሱ ነው፤ «ቅልቅል»።

«ኮክቴል» ራሱስ? ቃሉ በአማርኛ ከገባ ቆይቷል፤ ነገር ግን በጋዜጣ ቋንቋ «የኮክቴል ግብዣ» በሚለው ሐረግ ቆሞ የሚስተናገዱበትን የማታ ግብዣ እንጂ መጠጡን አልያዘም። ከጣልያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ወዲህ በከተሞቻችን ከሥር የሰደደው «ስፕሪስ» የሚለው ነው። ጣልያኖች ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛታቸው ዋና ከተማ አድርገዋት ስለ ነበር የጅማ ቡና ቤቶችም ቃሉን ያውቁታል። ቃሉ በጀርመንኛ መርጨትን ከሚያመለክት ግስ ተነሥቶ፣ በጣልያንኛ ወይንን በውኃ ማቅጠንን አመልክቶ፣ በእኛ ዘንድ ሻይና ቡና በአንድ ብርጭቆ፣ ወይም ሁለት ሦስት ዐይነት የፍራፍሬ ጭማቂ ተደራርቦ የሚቀዳበት ሆኗል። መልካም ቃል ነው፤ ይሁንና የስኳር ወገን ስለሆነ ለጨው መጠጥ አያገለግልም።

የምናቀርበው ሐሳብ የምግብ ቤት ዝርዝር ከሚከተለው ልማድ ጋር የሚስማማ ነው። «ሻይ በሎሚ»፣ «ቡና በወተት»፣ «ጥብስ በአዋዜ» እንደሚባለው፣ «ቡና በጨው»፣ «ቅልቅል በጨው» ይባል። አዲስ ቃል አልተፈጠረም፤ ቅጽልም አላስፈለገም።

ስያሜውን በዓለም ከታወቁት የጨው ቅልቅሎች በአንዱ እንፈትነው። «ብለዲ ሜሪ» የሚባለው መጠጥ ፈርናንድ ፔቲዮ በተባለ የመጠጥ ቀማሚ በፓሪስ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. እንደ ተጀመረና ኋላም በኒው ዮርክ ሴንት ሪጂስ ሆቴል እንደ ተስፋፋ ይነገራል። አዘገጃጀቱ በአማርኛ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «የቲማቲም ቅልቅል በጨው። 45 ሚሊ ሊትር ቮድካ፣ 90 ሚሊ ሊትር የቲማቲም ጭማቂና 15 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂ በረዶ ባለበት ረጅም ብርጭቆ ይቀዳ። ከዓሣና ከኮምጣጤ የሚሠራው የዎስተርሺር ስጎ ሁለት ጊዜ ጠብ፣ የሚጥሚጣ መረቅም እንደ ጠጪው ፍላጎት ጠብ ይደረግበት። የሰለሪ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ነስነስ ይደረግ። ቀስ ተብሎ ይማሰል፤ አይናጥ።» በቲማቲም ጭማቂ ፈንታ ድልህ ቢገባ መጠጡ ወጥ ይሆናል፤ ስለዚህ «ሳልሳ» የሚለውን ቃል ተርጓሚው እዚህ ላይ ቢሸሸው ይበጃል። አልኮል ለማይጠጡት፣ በጅማና በአካባቢዋም ብዙዎቹ እንዲህ ናቸውና፣ ቮድካው ቢቀር የአዘገጃጀቱ ስም አይለወጥም፤ ስያሜው የተመሠረተው በጨዉ ላይ እንጂ በመጠጡ ብርታት ላይ ስላልሆነ።

ለመዝገበ ቃላት የሚሆኑት ረቂቅ ፍችዎች የሚከተሉት ናቸው።

ቡና በጨው፤ ስም። የተቆላና የተወቀጠ ቡና በጀበና ፈልቶ፣ በስኳር ፈንታ ጨው፣ አልፎ አልፎም ቅቤና ጤና አዳም የሚገባበት ትኩስ መጠጥ።

ጨሞ፤ ስም፤ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ቋንቋዎች። ለጋ የቡና ቅጠል ከሚጥሚጣ፣ ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከመሳሰሉት ጋር ተወቅጦ በጨው የሚፈላ መጠጥ። ከቁጢ ጋር አይምታታ።

ቅልቅል በጨው፤ ስም። ሁለትና ከዚያ በላይ ፈሳሾች በጨውና በቅመም ተቀላቅለው የሚዘጋጁበት፣ ስኳር ዋና ማጣፈጫው ያልሆነ መጠጥ።

ሁለቱ ሐረጎች በመሪ ቃልነት ይግቡ ወይስ በ«ቡና» እና በ«ቅልቅል» ሥር በንኡስ ፍችነት ይቀመጡ የሚለው ገና ያልተወሰነ ነው። ለንኡስ ፍችነቱ እናደላለን፤ «በጨው» የሚለው ከ«በወተት» እና ከ«በሎሚ» ጎን ተሰልፎ ሲታይ ልማዱ ለአንባቢው በአንድ ዕይታ ይገለጽለታልና። «ጨሞ» ግን ከ«ጨው» ሁለት መስመር ርቆ በራሱ ስፍራ ይገኝ።